በእግር የሚመለስ ደብዳቤ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለወንድምዓለም፤

እንደምን ከረምክ? ጉልበትህስ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ። ሦስት ደብዳቤ ጽፈህ አንድ መልስ አላገኘህም። እማማን በመሰለች አያት ቤት ላደገ ሰው ይሄ ነውር እንደሆነ ሳትነግረኝም አውቀዋለሁ። «ሞተሻል ወይስ አኩርፈሻል?» ላልከኝ፣ ሁለቱም አይደለም። ስጀምርልህ ስቀድደው ነው የከረምኩት።

አዎ፣ መጽሐፉ ይታተማል። አሳታሚው እማማ ያረፈችበት ዓመት ሳይሞላ «እማማ ደብዳቤ» ለሚሏት ልጆች የጻፈቻቸውን መልሶች ሰብስቦ ሊያወጣ ነው፤ መግቢያውን እኔ ልጽፍ ተስማምቻለሁ። እንደኔ ያለ የማተሚያ ቤት አራሚ የሰው ስህተት ሲለቅም ይውላል እንጂ የራሱን መጻፍ የት ለምዶ! አንተ የላክህልኝን ዓረፍተ ነገር ግን ከሁሉ በላይ አስቀምጬዋለሁ፦ «በአርባ ዓመት ውስጥ መልስ ያላገኘ አንድም የልጅ ደብዳቤ የለም።»

የምሳው ነገር ትዝ ይልሃል? የልጅ ደብዳቤ በመጣ ቀን መልሱ ተጽፎ ፖስታው ሳይታሸግ እህል አይቀመስም። የሌላ ሰው ልጆች ሆድ ያስባሳቸውን ሲጽፉላት የእኛ ሆድ ይጮህ ነበር። አንድ ቀን «እኔም ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ፣ ርቦኛል ብዬ» ብለሃት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ምሳው ግን ከመልሱ በኋላ ነው የቀረበው።

ሁለቱ የጫማ ካርቶኖች እስካሁን ጠረጴዛዋ ሥር ናቸው። አንዱ ላይ «በብዕር» ሌላው ላይ «በእግር» የሚል ጽሑፍ አለባቸው። ቀበሮን ስለከሰሰችው ዶሮ ስለጻፈችው መጽሐፍ የሚጠይቅ፣ ጥርሱ መነቀሉን የሚያበስር፣ ግጥም የሚልክ ልጅ በብዕር ይመለስለታል። የተመታ ወይም የተራበ ከሆነ፣ ወይም አንድ ነገር ሊነግራት ጀምሮ መሃል ላይ ከተወው ግን «ይሄ በእግር ነው የሚመለሰው» ትልና ጫማዋን ታጠልቃለች። በስንቱ ፍርድ ቤት ኮሪደር፣ በስንቱ አግዳሚ ላይ አብረናት ተቀምጠናል።

ባለፈው ሳምንት ለመጽሐፉ የሚሆኑትን ስለይ «በብዕር» ካርቶን ውስጥ ቦታው ያልሆነ ደብዳቤ አገኘሁ። አራት ዓመት ሆኖታል፤ እማማ ዓይኗን የታከመችበት ሳምንት ነው። እንዳለ ገልብጬልሃለሁ፦

«ለእማማ ደብዳቤ። እንደምን ነዎት? እኔ ደህና ነኝ። የአሥር ዓመት ሴት ልጅ ነኝ። እዚህ ማሳደጊያ አልጋ ላይ የሸና ልጅ ዕቃ ቤት ይቆለፍበታል። እኔ ሦስት ጊዜ ተቆልፎብኛል። መብራት የለውም። ቀበሮን የከሰሰችው ዶሮ የከሰሰችው የት ሄዳ ነው? አድራሻውን ይንገሩኝ። አልጋ ቁጥር አሥራ አንድ።»

ከላይ በሐምራዊ ቀለም «ተመልሷል» ይላል። ስለ መልሱ ሌላ ቀን እጽፍልሃለሁ። ልጅቷ አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ማሳደጊያው መንገድ ከምትቀይስበት ካምፕ ግማሽ ቀን ቢያስኬድ ነው። አፈር ስሆን፣ ሂድና እያት።

እህትህ

—

ጥቅምት 19

ለቀለሜዋ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ስለ ጉልበቴ ጠይቀሻል። ጉልበቴ ካምፑን ሁሉ የሚያገለግል ሆኗል፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀያሾቹ እኔን ነው የሚጠይቁኝ። ከደብዳቤሽ ጋር የላክሽው ብርድ ልብስና ካልሲ ደርሶኛል። ካልሲዎቹ ሁለቱም የግራ እግር ይመስላሉ፤ ቢሆንም እግዜር ይስጥልኝ።

ሄድኩ ወይ? ሄድኩ። ማክሰኞ ዕለት በሥራ መኪና አደረሱኝ። ሕንጻው ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ደጁ ላይ የታጠቡ ትንንሽ አንሶላዎች በረድፍ ተሰጥተዋል። አስተዳዳሪዋ ሻይ ጋበዙኝ። የማን የልጅ ልጅ መሆኔን ስነግራቸው ተነስተው ሁለት እጄን ያዙኝ። ልጅቷንም አይቻታለሁ፤ በሕይወት አለች፤ ቁመቷ እኔን ሊያክል ነው።

ከዚህ በላይ አሁን አልጽፍም። አትቆጪ። ቀያሽ ሁለት ጊዜ ሳይለካ ችካል አይተክልም፤ እኔም ከመናገሬ በፊት ልለካ ነው። በመጀመሪያ አንድ ነገር መልሺልኝ። «ስለ መልሱ ሌላ ቀን» ብለሽ ያለፍሽውን አሁን ጻፊልኝ። ያን ሳምንት እማማ ሁለት ዓይኗ ታሽጎ ሆስፒታል ነበረች። ታዲያ «ተመልሷል» ብሎ የጻፈው ማነው? መልሱስ ምን ይላል? ቃል በቃል ንገሪኝ፤ አታሳምሪው።

ወንድምሽ

—

ጥቅምት 28

ወንድምዓለም፤

እንደምን አለህልኝ። ጥያቄህን ሳነብ መልሱን እንደምታውቀው ገባኝ። ከምን እንዳወቅከው ግን አልገባኝም፤ ከሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

እኔ ነኝ የጻፍኩት።

ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ሁሉንም የምጽፈው እኔ እንደነበርኩ አንተ አታውቅም፤ ማንም አያውቅም። መጀመሪያ እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ልጆች የእማማን የእጅ ጽሑፍ ስለሚያውቁ እጇን ተማርኩ፤ ወደ ቀኝ ጋደል የሚለውን ፊደል፣ ጥግ ላይ የምትስላትን ዶሮ ሳይቀር። ስድስት ዓመት በእሷ እጅ ስጽፍ የራሴ እጅ ጠፋብኝ። ይሄን ስታነብ እንኳ ፊደሌ የእሷን አይመስልህም?

ያን ቀን አርባ አንድ ደብዳቤ ነበር። ከሥራ አስፈቅጄ ሆስፒታል ገባሁ። አልጋዋ ጎን ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ትሪ ጭኔ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ። ነርሷ ሾርባውን አምጥታ ሁለት ጊዜ መለሰችው። እማማ «ልጆቹ ሳይመለስላቸው አልበላም» ብላለች። ከትናንት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም፤ እጇ እንጨት ሆኗል። የመጨረሻዎቹን አሥር ደብዳቤዎች አላነበብኳቸውም ማለት ይቻላል። ስለ ዶሮዋ የሚጠይቁ መሰሉኝ፤ እንደዚያ መለስኩ።

ቃል በቃል ካልክ፣ አንድ ጥቁር መዝገብ ላይ የእያንዳንዱን መልስ ግልባጭ አስቀምጥ ነበር፤ ይኸው፦

«ልጄ፣ ዶሮዋ የከሰሰችው ተረት ውስጥ ላለ ዳኛ ነው። አንቺ ግን ጎበዝ ልጅ ሁኚ። የሚያሳድጉሽን ሰዎች እሺ በያቸው። እሺ በምትል ልጅ ላይ በር አይቆለፍም።»

ወንድሜ፣ እማማ ዕድሜዋን ሙሉ ለአንድ ልጅ እንኳ «እሺ በይ» ብላ አታውቅም። መጽሐፎቿን ሁሉ ብትገለብጥ ያቺን ቃል አታገኛትም። ከየት አመጣኋት? እኔንጃ። ምናልባት ነርሷ እማማን «እሺ ይበሉ፣ ይብሉ» ስትላት ከጆሮዬ ወደ እጄ ወርዳ ይሆናል።

ስጨርስ እማማ «ሁሉም ተመለሰ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «የእግር የለም?» የለም አልኳት። ያኔ አፏን ከፈተች፤ ሾርባውን አጎረስኳት። ደስ ብሎኝ ነበር።

እባክህ፣ ያየኸውን ንገረኝ።

እህትህ

—

ኅዳር 9

እህቴ፤

ይሄን ደብዳቤ ተቀምጠሽ አንብቢው። ቢሮሽ ውስጥ አትክፈቺው።

መልሱን ያወቅኩት ግድግዳ ላይ አይቼው ነው። በመስታወት ተደርጎ ምግብ አዳራሹ በር አጠገብ ተሰቅሏል፤ በልጅ ዓይን ልክ፣ ዝቅ ብሎ። ሐምራዊ ቀለም፣ ጋደል ያለ ፊደል፣ ጥግ ላይ ዶሮዋ። የእማማ እጅ ነው ብዬ ልምል ነበር። አስተዳዳሪዋ «አዲስ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ ይሄን ነው የምናስነብበው፤ እሳቸውም እንዲህ ይላሉ እንላቸዋለን» አሉኝ። ሳይሳቀቁ ነው የነገሩኝ፤ እኔም የምደሰት መስሏቸዋል።

ልጅቷን ግቢው ውስጥ አነጋገርኳት። አንሶላ ታጥፋለች። አንገቷ ላይ በገመድ ቁልፍ አንጠልጥላለች። ማን መሆኔን ስነግራት አንሶላውን ወንበር ላይ አኑራ እጅ ነሳችኝ። «ለእማማ ደብዳቤ ይንገሩልኝ፤ ምክራቸውን ሰምቻለሁ» አለችኝ። «እሺ ማለት ከጀመርኩ ወዲህ አንድም ቀን አልተቆለፈብኝም። ለስንት ሰው ጻፍኩ፤ የመለሱልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ዋናው እኔ ጋ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለው ባለቀለም ፎቶ ኮፒ ነው።» ከደረቷ አወጣችው፤ ላስቲክ ተለብጧል። ሌሎቹስ፣ ይቆለፍባቸዋል ወይ አልኳት። «እሺ ካሉ አይቆለፍባቸውም» አለችኝ።

ከዚያ «ደህና ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ምን እንዳልኩ ልትጠይቂኝ ነው። ደህና ናት አልኳት። ሰላም ብላሻለች አልኳት። ዓይኗን እያየሁ አርፋለች ማለት አቃተኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ ግን ካምፕ እስክደርስ ድረስ እየከበደኝ ነው የመጣው።

አንቺን አልወቅስሽም። ያን ቀን የት ነበርኩ? እዚህ መንገድ ስቀይስ። ግን እንዲህ ያለ ነገር በደብዳቤ አይያዝም። ሕጻናትን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት እዚያው ከተማሽ ነው። ሂጂ።

ወንድምሽ

—

ታኅሣሥ 2

ወንድምዓለም፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። ማሳደጊያው ድረስ ሄጄ አንተ ጋ ጎራ ሳልል መመለሴን ከጥበቃው ሰምተህ ተቀይመሃል፤ ብትቀየም እውነትህን ነው። ፊትህን ማየት አልቻልኩም። በመልክ እማማን እኮ ነው የምትመስለው።

መሥሪያ ቤቱ አራት ቀን አመላልሶኛል። አምስተኛው ቀን ኃላፊው ፋይል አውጥተው አሳዩኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት የማሳደጊያው ምግብ አብሳይ ስለ ዕቃ ቤቱ አመልክታ ነበር። የማሳደጊያው መልስ አጭር ነው፤ አያይዘው የላኩት ደግሞ የእኔን ደብዳቤ ነው። ኃላፊው «አያትሽ እንዲህ ካሉ እኛ ምን እንበል ብለን ዘጋነው» አሉኝ። እኔ ነኝ የጻፍኩት ስላቸው መነጽራቸውን አወለቁ። በመጨረሻ ታኅሣሥ ሃያ አምስት መርማሪ ሊልኩ ተስማሙ። «ግን ትልቋ ልጅ ካልተናገረች ትንንሾቹ አይናገሩም። ባለፈውም ‹በደንብ ይይዙናል› ያለችው እሷ ናት» ብለውኛል። ሁሉም ነገር በእሷ አንደበት ላይ ነው ያለው።

ስለዚህ ይሄ በእግር ነው የሚመለሰው ብዬ ሄድኩ። ሁለት ቀን በአውቶቡስ፤ በእማማ ቦርሳ። ሁሉንም ነገርኳት። እማማ ካረፈች አሥር ወር ሆኗታል፤ ያን መልስ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስህተት ነበር አልኳት። «ወንድምዎ፣ እማማ ደብዳቤ ደህና ናቸው ብለውኛል» አለች። ዋሽቶሽ ነው አልኳት። «እጃቸውን አውቀዋለሁ። ያልሞተን ሰው ሞተ ይባላል?» ብላ ጥበቃውን ጠራች። በእማማ እጅ ጻፊና አሳዪኝ ብትለኝ አሳያት ነበር። አላለችኝም።

ትናንት ይሄ መጣ። አድራሻው ለእማማ ነው፦

«ለእማማ ደብዳቤ። እንደምን ነዎት? አንዲት ሴት መጥታ ስለ እርስዎ ክፉ ነገር ተናገረች። አባረርኳት። ግን ሌሊት ሌሊት ያስፈራኛል። እባክዎ በእጅዎ ይጻፉልኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል። እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ።»

ወንድሜ፣ እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ ትላለች። ተናገሪ ብላት ትናገራለች። ሐምራዊው ቀለም መሳቢያ ውስጥ አለ፤ እጄም እጇን ያውቃል። ምን ላድርግ? ዛሬ ምሳ አልበላሁም።

እህትህ

—

ታኅሣሥ 9

እህቴ፤

አትጻፊ።

ያቺን ሴትዮ ከመቃብር አውጥተሽ አታስዋሻት። እኔ ሄጄ እነግራታለሁ፤ ዋሽቼሻለሁ ብዬ እግሯ ላይ እወድቃለሁ። ሊቀረን የሚችለው የእማማ ስም ብቻ ነው። እሱንም በገዛ እጃችን እንቅበረው?

ወንድምሽ

—

ታኅሣሥ 13

ወንድምዓለም፤

ደብዳቤህ የደረሰኝ ለልጅቷ የጻፍኩት በተላከ በሁለተኛው ቀን ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ምናልባት ቀድሞ ቢደርሰኝም አልሰማህም ነበር፤ ይቅር በለኝ።

ግልባጩ ይኸው፦

«ልጄ፣ ከአራት ዓመት በፊት የጻፍኩልሽ ስህተት ነበር። ደብዳቤሽ በእግር የሚመለስ ነበር፤ እኔ በብዕር መለስኩት። ዶሮዋ የከሰሰችበትን አድራሻ ጠይቀሽኝ ነበር። አድራሻው ታኅሣሥ ሃያ አምስት ደጃፍሽ ይመጣል። ቦርሳ የያዘች የመንግሥት መርማሪ ናት። ስለ ዕቃ ቤቱ ሁሉንም ንገሪያት። ማንንም እሺ አትበይ። እኔንም ቢሆን።»

እማማ ያላጠፋችውን ጥፋት በእማማ እጅ አምኜ ይቅርታ ጠየቅሁላት። አንተ ስሟን ልታተርፍ ፈለግህ። እኔ እሷ ብትኖር ስሟን ጥላ ልጆቹን የምታነሳ መሰለኝ። ግን እንዲህ የምለው ለራሴ መጽናኛ ይሁን እውነት አላውቅም። ዶሮዋን ጥግ ላይ ስስላት እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ከሁሉም ያስፈራኝ እሱ ነው።

ለአሳታሚው መግቢያውን አልጽፍም አልኩት። ምክንያቱን አልነገርኩትም።

የሚሆነውን ሄደህ እይልኝ። ያየኸውን ሁሉ ጻፍልኝ፤ እንደ በፊቱ አትለካ።

እህትህ

—

ጥር 6

እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ያዘገየሁሽ ፖስታ ቤቱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ያየኸውን ሁሉ ብለሻል፤ እንግዲህ ያየሁትን ሁሉ ስሚ።

ተናገረች። መርማሪዋ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገባች፤ ልጅቷ ቆማ ነው የተናገረችው፣ ተቀመጪ ቢሏት እምቢ ብላ። እኔ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ በሩ ሲከፈት ሲዘጋ አያለሁ። በሦስተኛው ቀን የዕቃ ቤቱ በር ከማጠፊያው ተነቅሎ ግድግዳ ላይ ተደግፎ አገኘሁት። አስተዳዳሪዋ የሉም። ዘጠኝ ትንንሽ ልጆች ወደ ሌላ ማሳደጊያ ሊዛወሩ ነው። ደብዳቤሽ ሠርቷል፤ ይሄን ላንቺ መንገር ነበረብኝ።

አሁን ሌላውን። አንገቷ ላይ ስላንጠለጠለችው ቁልፍ ጽፌልሽ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አልጻፍኩልሽም። ያኔውኑ ጠርጥሬ ነበር፤ እጄ አልጽፍ ብሎኝ ነው። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ነው። እሺ ስለምትል ከሁለት ዓመት በፊት ለእሷ ሰጧት። ትንንሾቹን እጃቸውን ይዛ የምታስገባቸው እሷ ነበረች። ለመርማሪዋ ይሄንንም ተናግራለች፤ የእያንዳንዱን ስም፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ ሁሉ። ማንም አልጠየቃትም ነበር።

ግቢው ውስጥ ጠራችኝ። ሁለቱን ደብዳቤዎች፣ ላስቲክ የተለበጠውንና አዲሱን፣ አጣጥፋ ሰጠችኝ። «ይመልሱላቸው» አለችኝ። ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ።

«ስህተት መሆኑን አሁን ለምን ጻፉልኝ?» አለች። «ሳላውቀው እተኛ ነበር። አሁን እያንዳንዳቸው ሲያለቅሱ የነበረው ይሰማኛል። በሩ ከውስጥ እንደማይከፈት አውቃለሁ እኮ። ገብቼበታለሁ። አውቄ ነው ያስገባኋቸው።»

ልጅ ነበርሽ አልኳት። እውነት ነው አይደል? እውነት ነው። ግን እንዳልሰማ ሰው አየችኝ።

ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ ቃል በቃል ነው፦ «ያኔ የጻፉልኝ እሳቸው ከሆኑ፣ እሳቸው ተሳስተውብኛል። እህትዎ ከሆነች ደግሞ ማንም መልሶልኝ አያውቅም። የትኛው ነው?»

አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ትመልሺላት ነበር? እማማስ ብትሆን? መንገድ ላይ ስመጣ እውነቱን እነግራታለሁ ብዬ ምዬ ነበር። ስንቱን ፎርም፣ ስንቱን ሪፖርት የምሞላ ሰው ለአንዲት ልጅ አንዲት ቃል አጣሁ።

የምሳ ደወል ተደወለ። ልጆቹ ሳህናቸውን ይዘው አዳራሹ በር ላይ ተሰለፉ፤ ግድግዳው ላይ መስታወቱ የነበረበት ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል። ሂጂ፣ ብዪ አልኳት። አልሄደችም። ሁሉም ገብተው ማንኪያው መንኳኳት ሲጀምር እሷ መልሴን ልትሰማ እፊቴ ቆማለች።

ወንድምሽ